የረጋ ልብ

ከጋሸና ወደ ላሊበላ በሚወጣው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡ እናት፣ አጠገባቸው ያሉትን መነኩሴ ጠየቁ።

«አባ፣ ጸሎቴ እንደሰመረ በምን አውቃለሁ?»

«ልብሽ ሲረጋ ነው። ሐሳብሽ ይባዝናል?»

«ልጄ ባድመ ከዘመተ ወዲህ ይምርሐነ ክርስቶስ ሱባኤ እገባለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ለጸሎት ስቆም ፊቱ ድቅን እያለብኝ፣ አቋርጬ አለቅስ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን ሳላቋርጥ እጨርሳለሁ። እንባም የለኝ።»

«እንግዲያ ተመስገን በይ፤ ሰምሮልሻል።»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ትናንት ግን ናፍቆኝ ሆነ ብዬ ባስበው፣ መልኩ ጠፋኝ።»

«ፎቶ የለሽም?»

«ተነሥቶ አያውቅም፣ አባ።»

መነኩሴው መቁጠሪያቸውን ጨበጡ።

እኔም ከኋላቸው ዓይኔን ጨፍኜ፣ እዚያው ባድመ የቀረውን የወንድሜን መልክ ፈለግሁ።