የማን ልጅ ነሽ የማይል ፈታኝ

ባለፈው ጥቅምት ከሲቀላ ሰፈር ወደ ኩልፎ ወንዝ በሚወርድ ባጃጅ ውስጥ ከጋሽ ዳልጮ ጋር ተገናኘን። ጋሽ ዳልጮ በወንዙ ዳር የሙዝ ማሳ ያላቸው፣ የገበሬውንም ሙዝ እየተረከቡ ወደ አዲስ አበባ የሚልኩ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው በሽምግልና የሚያገለግሉ የተከበሩ ሰው ናቸው። ያን ዕለት ግን ፊታቸው አልፈታ ብሎ ነበር።

«መምህር፣ እግዚአብሔር ነው ያገናኘን» አሉኝ። «የእህቴ ልጅ ኢየሩስ ሰው የሚመርጥ ማሽን አምጥታብኛለች። እባክዎ ይምጡና ይዳኙን።»

ኢየሩስ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኮምፒውተር የተማረች፣ አሁን የአጎቷን ሥራ የምታስተዳድር ልጅ ናት። ከመጋዘኑ አጠገብ ባለችው ቢሮ ተቀበለችን። የሚፈለገው ከገበሬ የሚመጣውን ሙዝ መርምሮ የሚረከብ ሰው ነበር።

«እኔ ሰው የምመርጠው» አሉ ጋሽ ዳልጮ ገና ሳይቀመጡ፣ «አባቱን አውቄ፣ ዋስ የሚሆነውን ሽማግሌ ሰምቼ ነው። ይህ በስልክ የሚጠይቅ ማሽን ስለ ሰው ምን ያውቃል?»

«አጎቴ፣ ስለ አባቱማ ምንም አያውቅም። ስለ ሥራው ግን ይጠይቃል» አለች ኢየሩስ። «አመልካቹ በስልኩ፣ በአማርኛም በጋሞኛም፣ በድምፁ ይመልሳል። ለሁሉም ጥያቄው አንድ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ መልሱን ሰምቶ ለሥራው የሚስማማውን ከነምክንያቱ ያስቀድማል። ክረምት ላይ የቀጠርነውን ሰው ያስታውሳሉ? ሽማግሌዎች ዋስ ሆነውለት፣ የዘመዶቹን የተጎዳ ሙዝ ሲቀበል ቆይቶ፣ የአዲስ አበባው ነጋዴ ጭነቱን መለሰብን።»

ነገሩ እውነት ነበር፤ ጋሽ ዳልጮም አልካዱም። ሆኖም፣ «እሺ፣ ሽማግሌ ቢሳሳት ቤቱ ሄጄ እወቅሰዋለሁ። ማሽን ቢበድል ማንን ልውቀስ? ይሉኝታ የለው፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር የለው» አሉ።

ይህ የሚናቅ ጥያቄ አልነበረም፤ እኔም መልሱን ለመስማት ጓጓሁ። ልጅቱ ምንም ሳትሸሽግ ተናገረች።

«መበደሉንማ በድሏል። መጀመሪያ የቀድሞ ሠራተኞቻችንን መረጃ ሰጥቼ፣ ‹እንደነዚህ ያሉትን ምረጥልኝ› ብዬው ነበር። የእኛን መንደር ልጆች ብቻ አስቀድሞ ሌላውን ሁሉ ወደ ታች ገፋው። ያንን ጠባይ የተማረው ከእኛ ነው።»

«ከእኔ በይ እንጂ» አሉ ጋሽ ዳልጮ ቀስ ብለው።

«ስላየሁት አረምኩት። መንደር፣ የአባት ስም፣ ሃይማኖት እንዳይደርሰው አደረግሁ። በሰው ሆድ ያለ አድልዎ ግን እንዲህ ተፈልጎ አይገኝም። ደግሞም ቀጣሪው እሱ አይደለም፤ የመጨረሻውን ቃል የምንሰጠው እኛ ነን። ተበደልኩ የሚል ካለ የሚወቅሰው እኔን ነው።»

«ታዲያ አንደኛ ያለው ማንን ነው?»

ኢየሩስ ደጅ ትጠብቅ የነበረችን ሊሻን የምትባል ወጣት አስገባች። ጋሽ ዳልጮ እንደ ልማዳቸው፣ «የማን ልጅ ነሽ?» አሉ።

ሊሻን ቀና ብላ መለሰችላቸው። «ከደጋው ነኝ። ቤተሰቦቼ ሸክላ ሠሪዎች ናቸው።»

ለማያውቅ ልንገር፤ በአንዳንድ ቦታችን ሸክላ ሠሪ ይናቃል፤ ከእጁ መብላትን የሚጸየፉም አሉ። በሠራው ድስት ወጥ እየሠሩ ሠሪውን መጸየፍ ምን ዓይነት ጨዋነት እንደሆነ ገብቶኝ አያውቅም።

«አባባ» ቀጠለች ሊሻን፣ «ይህን ጥያቄ በመለስኩበት ሁሉ ‹እንጠራሻለን› ተብዬ ቀርቻለሁ። እዚህ የደረስኩት ስልኩ ስላልጠየቀኝ ነው። እርስዎም ባይጠይቁኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

ጋሽ ዳልጮ አንገታቸውን ደፉ። ኢየሩስ የተቀዳውን የሊሻንን ድምፅ ከፈተች። ጥያቄው፣ የአለቃሽ ዘመድ የተጎዳ ሙዝ ቢያመጣ ምን ታደርጊያለሽ የሚል ነበር። «እመልሰዋለሁ» ይላል ድምፁ። «አለቃዬ ከተቆጡም ሙዙን ፊታቸው አስቀምጬ፣ እርስዎ ገበያ ላይ ቢያገኙት ይገዙታል ወይ ብዬ እጠይቃቸዋለሁ።»

ጋሽ ዳልጮ ሳያስቡት ሳቁ። ከዚያም ረጋ ብለው፣ «ከቀጠርኳቸው ሁሉ እንዲህ ያለኝ የለም፤ እኔም ጠይቄያቸው አላውቅም» አሉ። ወደ ሊሻን ዞሩ። «ልጄ፣ የእኔ ጥያቄ ከሥራው ጋር አይገናኝም፤ ይቅር በይኝ። ሰኞ ጀምሪ።»

ከዚያ ወዲህ የተመለሰ ጭነት የለም። ገበሬውም ‹ከመጋዘኑ ማንን አውቃለሁ› እያለ ዘመድ መፈለጉን ትቶ ሙዙን በጥንቃቄ መቁረጥ ጀምሯል። ዋስ የሚሆነው ሽማግሌ የሌለው የደጋ ወጣት እንኳ ተስፋ አድርጎ ያመለክታል፤ ያልተመረጠውም የጎደለውን ተነግሮት ይሄዳል።

በቅርቡ ጋሽ ዳልጮን ልጠይቅ ሄጄ ሳለ የወንድማቸው ልጅ ሲላስ መጣ። የሾፌር ቦታ መከፈቱን ሰምቶ ነበር።

«አጎቴ፣ አንድ ቃል ይናገሩልኝ» አላቸው።

«ቃሉን አንተው ተናገር፤ የሚሰማህ አለ» አሉት። «ባትመረጥ እንኳ ምን እንደጎደለህ ይነግርሃል። እኔ ግን እወድሃለሁ ከማለት በቀር የምነግርህ የለኝም።»

ሲላስ ጥቂት አኮረፈ። በኋላ ወጥቶ ማንጎው ጥላ ሥር ተቀመጠና ስልኩን ወደ አፉ አስጠግቶ የማሽኑን ጥያቄዎች በጋሞኛ መመለስ ጀመረ።