ማሌ ሲባል ዝም አይባልም

በእኛ ጊዜ፣ ኛሩዋች ልጄ፣ ሰላምታ ቀልድ አልነበረም። ማሌ ያለሽን ሰው ዝም ብለሽው ካለፍሽ፣ «ምን በድያት ነው?» እያለ ሲብሰለሰል ይውላል። ማሌ በእናንተ በኑዌሮቹ ሰላም ማለት ነው፣ መልሱም ያው ማሌ ነው። ለአንቺማ ምን እነግርሻለሁ፣ የምትጽፊውን ለሚያነበው ደገኛ ብዬ ነው እንጂ።

ያኔ በጃንሆይ ጊዜ እኔ ጎረምሳ ነጋዴ ነኝ፣ ጨውና አቡጀዲ በታንኳ ጭኜ በባሮ ወደ ኢታንግ እወርዳለሁ። ቀዛፊዬ ኦባንግ የሚባል አኙዋክ ነው፣ ወሬ የማይወድ። ታዲያ ከወዲያ ሱዳን ጦርነት ነው፣ መንደር ይቃጠላል፣ ሰዉ ድንበር እየተሻገረ ይመጣል፣ እና ከኢታንግ በታች ወንዙ ዳር ጎጆ ቀልሰው የተቀመጡ የኑዌር ሴቶችና ሽማግሌዎች ነበሩ፣ ደንበኞቼ። አንድ ቀን ከሰዓት እዚያ ደረስን። የሳር ቃጠሎ ጭስ ባሮን ሸፍኖታል፣ ማዶው አይታይም። ኦባንግ መቅዘፉን አቆመ።

«ውሻ አይጮህም» አለኝ።

እውነትም አይጮህም። ወረድኩ፣ እና ምን ልበልሽ፣ ምድጃው ላይ የማሽላ ገንፎ ይንተከተካል፣ ማማሰያው ገንፎው ውስጥ እንደቆመ ነው፣ የሚያማስል ግን የለም። ጎጆው ሁሉ ባዶ። ፀጉሬ ቆመ፣ ወላሂ ፀጉሬ ቆመ። ታዲያ ሸንበቆው ውስጥ ዓይን አየሁ፣ ከዚያ ብዙ ዓይን። እስከ አንገታቸው ውሃ ውስጥ ናቸው፣ እናቶች የልጆቻቸውን አፍ በእጃቸው ይዘው። ዓይኗ የማያይ ኛማል የምትባል አሮጊት ነበረች፣ እሷም እዚያው ናት፣ የእሷን አፍ የያዘ ግን አልነበረም።

ያኔ ከጭሱ ውስጥ ድምፅ መጣ። «ማሌ!» ለስለስ ያለ፣ የዘመድ ድምፅ። «ማሌ!» ልጄ፣ እነዚያ ሰዎቹን ከድንበር ማዶ እያሳደዱ የመጡ የሱዳን ወታደሮች ናቸው። ኑዌር ማሌ ሲባል ዝም እንደማይል አውቀው፣ በሰላም ቃል ሰው ያጠምዳሉ። እና እኔ፣ የነጋዴ አፍ አይደል፣ ሳላስበው «ማሌ!» አልኩ። ኦባንግ ዞሮ አየኝ፣ ያን አስተያየቱን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ጠመንጃቸውን ይዘው መጡ። አለቃቸው በዓረብኛ ሰዎቹ የት አሉ አለኝ፣ እኔም በቁርአን ቤት ዓረብኛዬ፣ ጨው ነጋዴ ነኝ፣ ስደርስ ማንም የለም አልኩት። ገንፎውን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ወደ ሸንበቆው ዞሮ «ማሌ!» አለ።

«ማሌ» አለ ሸንበቆው። ቀጭን የአሮጊት ድምፅ።

ኛማል ናት። ወታደሮቹ ጠመንጃ አነሱ፣ እኔ አለቀልን አልኩ። አለቃው «ማነው የመለሰው?» ሲለኝ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣

«ማዶ የፈጃችኋቸው ናቸው» አልኩት። «ተከትለዋችሁ መጡ። ስትጠሯቸው ይመልሳሉ፣ ሰው ግን የለም።»

ወላሂ ብዬ አልማልኩም፣ በውሸት አልምልም። እና ሰውዬው ፊቱ አመድ መሰለ። ለምን መሰለሽ? ማዶ ምን ሲሠራ እንደከረመ ያውቀዋላ! እጁ ንጹሕ ቢሆን ኖሮ ይስቅብኝ ነበር። አንዱ ወታደር አዑዙቢላህ እያለ ወደመጡበት ታንኳ ሮጠ፣ ሌሎቹም ተከተሉት፣ አለቃውም ተከተለ፣ ጭሱ ዋጣቸው።

ኦባንግ ኛማልን ተሸክሞ ሲያወጣት እኔ ተቆጣሁ። «እናቴ፣ ለምን መለሱ? ሊያስፈጁን ነበር እኮ!»

«ማሌ ሲባል ዝም የሚል የሞተ ሰው ነው» አለችኝ። «እኔ አልሞትኩም።»

አየሽ፣ እኔ ደግሞ ሞታለች ብዬ ነው ያተረፍኳት።

ኦባንግ ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ፣ ያ ቦታ ላይ ሲደርስ ቀዘፋውን አቁሞ ማሌ ይል ነበር። መንደሩ ከተነሳ፣ ሰዎቹም ወደ ኢታንግ ከገቡ ቆይቶ ነበር። አንዳንዴ ይመልሱልኛል ይለኝ ነበር። እኔ ሰማሁም አልሰማሁም አልልም።

ታዲያ አንቺ ዛሬ ስትገቢ ማሌ ብዬሽ፣ ስልክሽ ላይ አቀርቅረሽ ዝም አልሽኝ። የዚህችስ ነገር ምንድን ነው፣ በሕይወት የለችም እንዴ ብዬ ደነገጥኩ። (ሐጂ ይስቃሉ።)

«ማሌ፣ ሐጂ።»

እንዲህ ነው እንጂ። አለሽ ማለት ነው።