አሥር ጣት ያለው ድንጋይ ጠራቢ

እትዬ፣ ደህና ዋሉ? ያ ሰማያዊው ክር አልቆ ነው ወይስ ከማሽንዎ ሥር ወድቆ... እሺ፣ እሱን ያቀብሉኝ፣ ይበቃኛል። ዛሬ ሳቄ እየቀደመኝ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቅቶኛል። ምን ያስቅሻል አይሉኝም? ትምህርቱ ነዋ፣ ከሥራ መልስ የምንማረው የዓለም ታሪክ። በዚህ ዕድሜዬ የጥንት ሃይማኖትና የጥንት ነገሥታት እያነበብኩ ብቻዬን የምስቅ ሰው ሆኛለሁ።

እንዴት አልስቅ? የድሮዎቹ ሰዎች ለጣዖታቸው በየቀኑ ማዕድ ያቀርቡለታል። እሱ አይበላ ነገር፣ ካህናቱ ከጓሮ... ጠግቦ የተረፈው ነው ይባላላ። ጦርነት የተሸነፉ ዕለት ደግሞ ጠላት አምላካቸውን ጭኖት ይሄዳል። አምላክ ይሰረቃል እንዴ እትዬ? ከሁሉ የገረሙኝ ግን ነገሥታቱ ናቸው። አንዳንዱ ከሱ በፊት የነበረውን ንጉሥ ስም ከሐውልቱ ላይ ፍቆ የራሱን ያስቀርጽበት ነበር አሉ። ፊቱ የሌላ፣ ስሙ የሱ። ወይ የድሮ ሰው ብዬ ሳቅኩ... የድሮ ብቻ መስሎኝ።

ታዲያ መምህራችን "ይህን ስታነቡ ምን ተሰማችሁ? የየራሳችሁን ስሜት በሁለት ገጽ ጻፉ" አሉን። እኔ ሌላ ምን አውቃለሁ፣ አባቴን ጻፍኩ። ያውቁት ነበር አይደል? ነፍሱን ይማረውና፣ ሠላሳ ዓመት ድንጋይ ሲጠርብ የኖረ፣ ግራ አውራ ጣቱን መዶሻ የበላበት ሰው። በጥንቱ ቤተ መቅደስ ድንጋይ ላይ የንጉሡ ስም አለ፣ የጠራቢው የለም፤ አባቴም የስንቱን ስም ቀርጾ ራሱ ያለ ድንጋይ ተቀበረ ብዬ ጻፍኩ። እያለቀስኩ ነው የጻፍኩት፣ እሱን አልደብቅዎትም።

አንዲት የክፍላችን ሰው አለች። ስም አልጠራም፤ ሐሜት እንደማልወድ ያውቃሉ። እንዴት ያለች ትጉ መሰለችዎት። "አጀማመሩን ልየውና ነገ እመልስልሻለሁ" ብላ ደብተሬን ወሰደች። አጀማመሩን ልታይ... እስከ መጨረሻዋ ነጥብ ድረስ አየችው። ቀልጣፋም ናት፣ ከኔ አንድ ቀን ቀድማ አስረከበች። መምህሩ የኔ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ምን ቢጽፉበት ጥሩ ነው? "ከጓደኛ አይገለበጥም። ዜሮ።" የሷ አንደኛ ወጥቶ ክፍል ውስጥ ተነበበ። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚሉት ምን አይተው ነው? እኔ ሲያደምቅ በዓይኔ አየሁ።

ግን እትዬ... ቆይ ሳቄን ልጨርስ። አባቷ እኮ በሕይወት አሉ። መንገድ ማዶ ጸጉር አስተካካይ ናቸው። "አባቴ አውራ ጣቱን ለድንጋይ ገብሮ ያለ ድንጋይ አረፈ" ብላ በእጇ ጽፋለች። እኔም ሰው አላምን ብዬ፣ ባለቤቴን ጸጉሩን ሲቆርጡት አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። አሥር ጣት። ሁሉም ይሠራል።

የሚቃጠል ነገር ሸተተዎት? ካውያ ጨርቅ ላይ ተረስቶ ይሆናል። እዚያ ጋ የቆመችው ብታነሳው ጥሩ ነው፤ እኛ እንኳ ወሬ ይዘናል፣ እሷ ግን ምን ይዟት ነው?

አልከሰስኳትም። ሄጄ የኔ ነው ብልስ ማን ያምነኛል? ቀድሞ ያስረከበ ባለቤት ነው። አንድ ቃል ተናግራ አባቴን ልትመልስልኝ የምትችለው እሷ ብቻ ናት። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የአባቴ ይኸው ከሰው ደብተር ሥር ውሎ ያድራል። ዓርብ ደግሞ ቤተሰብ በተጠራበት ጽሑፏ እንደገና ይነበባል። ይህን ኮት አዩት? እጅጌውን እንዳሳጥርላቸው አባቷ ራሳቸው ጠዋት ያመጡት ነው። "ልጄ ስለ አባቷ ጽፋ አንደኛ ወጣች፣ ፊት ወንበር ላይ ነኝ" አሉኝ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። ምን ልበላቸው? እንኳን ደስ ያለዎት አልኩ። ፊት ወንበር ተቀምጦ የገዛ ለቅሶውን መስማት ለስንት ሰው ይደርሰዋል? እኔማ ስፌቱን አጥብቄ ነው የምሰፋላቸው፤ ሰውየው ምን አደረጉ።

እና ቂም የለኝም እትዬ፣ ከልቤ ነው የምመርቃት። ማሽንዎን አንድ ጊዜ ያቁሙልኝማ፣ ምርቃት በጩኸት መሃል አይያዝም... አባቷን ዕድሜ ይስጥልኝ። እሳቸውን የምታጣበትን ቀን እግዜር ያርቅላት፣ አብዝቶ ያርቅላት። ያ ቀን የመጣ ዕለት ደግሞ... የምታለቅስበት የራሷ ቃል አያሳጣት።