የዘይነባ ክር

ጭሮ ውስጥ ሙዚቃ ቤት የነበራቸው ጋሽ ሸምሱ፣ ሟች ባለቤታቸው ዘይነባ በወጣትነቷ የዘፈነችበትን ዋና የቴፕ ክር ወደ ኮምፒውተር እንድገለብጥላቸው ጠሩኝ። ሌላ ቅጂ የለውም። «አርጅቷል ልጄ፤ ሲዞር ይረግፋል። ከአንድ ጊዜ በላይ አይችልም» ብለውኝ ለዙህር ሶላት ወጡ።

ክሩን ማጫወቻው ላይ ከፈትኩት። ከልጅነቴ የማውቀው የኦሮምኛ የሠርግ ዜማ ነበር፤ በእሷ ድምፅ ግን ሌላ ሆነ። የመንገዱ ባጃጆች ጩኸት ጠፋብኝ፤ ውሃ ውስጥ ሆኜ የምሰማ መሰለኝ። ከሰመመኔ ስነቃ ክሩ አልቋል፤ ማጫወቻው ላይ ቡናማ ዱቄት ተበትኗል። ኮምፒውተሩን አየሁት፤ መቅጃውን ጭራሽ አልተጫንኩትም።

ሲመለሱ እውነቱን ነገርኳቸው። ዱቄቱን በጣታቸው ነኩት።

«አንቺስ ሰማሽው?»

«አዎ፣ እስከ መጨረሻው።»

«እንግዲያው ሳይጠፋሽ ዝፈኚልኝ።»

ክፍል ውስጥ እጄን ለማውጣት እንኳ የምፈራ ሰው ነኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ዘፈንኩላቸው።

«ሳቋን ዘለልሽው» አሉኝ። «ማይክሮፎኑን ይዤ ያሳቅኳት እኔ ነኝ።»

ሰምቼው ነበር፤ አፍሬ ነው የዘለልኩት። መቅጃውን ራሳቸው ተጫኑና «ከመጀመሪያው ጀምሪ» አሉኝ። በዚህኛው ሳቅሁ።