ከሱባዔ የወጡት አናጢ

በለቅሶው የተሰበሰባችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤ የአጎቴን የአቶ ገብረትንሣኤ እምሩን ዜና ሕይወት ላነብላችሁ ስቆም እኔ ራሴ መሞታቸውን ገና አላመንኩም።

አቶ ገብረትንሣኤ ከአባታቸው ከአቶ እምሩ ደስታና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዓለምጸሃይ ዘገየ በ፲፰፻፸፭ ዓ.ም. በቡልጋ ተወለዱ። ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው ለክህነት ሲታሰቡ አባታቸው በማረፋቸው እናታቸውን ለመጦር ወደ አዲስ አበባ መጡና አራዳ ከአንድ ህንዳዊ አናጢ ዘንድ ሙያ ተማሩ። ወይዘሮ የሺዓለምን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው አፍንጮ በር ጎጆ ወጡ፤ ሦስት ልጆችም ወለዱ።

ማለዳ በአራዳ ጊዮርጊስ ቅጽር ቆመው ዳዊታቸውን ሳያደርሱ መጋዝ አይጨብጡም ነበር፤ ሥራ ሲፈቱ ደግሞ የአቅመ ደካሞችን ቤት ያለ ዋጋ ይጠግኑ ነበር። የነፍስ አባታቸው በየዓመቱ የፍልሰታን ሱባዔ እንዲገቡ ሲመክሯቸው፣ «አባቴ፣ በነሐሴ የሰው ቤት እያፈሰሰ የእኔ ሱባዔ ጣሪያ ላይ ነው» እያሉ ያልፉት ነበር። ዝምታን ምን ያህል እንደሚናፍቁ ግን ባለቤታቸው ስለሚያውቁ ዘንድሮ በሶና ቆሎ ቋጥረው፣ «ቤቱን ለእኔ ይተዉትና ይሂዱ» ብለው ሸኟቸው። እርሳቸውም እንደ ልጅ ደስ ብሏቸው እዚያው ጊዮርጊስ ቅጽር ሱባዔ ገቡ።

በዜና ሕይወት ስለ ሟች ሕመም መናገር የተለመደ ነው፤ እርሳቸው ግን አልታመሙም። ትናንት ጠዋት ጎረቤታቸው ባለሱቁ እንድሪስ፣ የአልጋ ቁራኛ የሆኑት እናቱ የተኙበት ቤት ግድግዳ በዝናቡ ስላዘመመ፣ ከቅጽሩ በር ቆሞ አስጠራቸው። «ምሰሶ እንዲያውሱኝ ብቻ ነበር የመጣሁት» እያለ እስከ አሁን ያለቅሳል። አጎቴ ግን ዳዊታቸውን አጥፈው፣ ለነፍስ አባታቸው «ይፍቱኝ፤ ስመለስ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ» ብለው ተከተሉት። አሮጊቷን አቅፈው አውጥተው በሩ ላይ ለእንድሪስ ሲያቀብሉ ግድግዳው ከኋላቸው ተናደባቸው።

ከመርዶ ነጋሪዎቹ ጋር ሬሳውን ይዘን ስንደርስ ወይዘሮ የሺዓለም አላለቀሱም። «የእኔ ባል ሱባዔ ናቸው፤ ይህ የሌላ ሰው ሬሳ ነው፤ ሂዱና ቤተሰቡን ፈልጉ» አሉ። ፊታቸውን ገልጠን እስክናሳያቸው ድረስ በሩን ይዘው አላስገባ አሉን።

አቶ ገብረትንሣኤ በተወለዱ በአምሳ ዓመታቸው ሲለዩን ባለቤታቸውን ወይዘሮ የሺዓለምን፣ ልጆቻቸውን ካሣሁንን፣ መድኃኔንና ሙሉዓለምን ትተዋል። በሕይወት የተረፉት የእንድሪስ እናት እማማ ሸሪፋም ልጃቸው ተሸክሟቸው መጥተው እዚህ፣ ከመካከላችን አሉ።

አምላካችን የጀመሩትን ጸሎት ከፊቱ ቆመው እንዲፈጽሙ ይፍቀድላቸው፤ ነፍሳቸውንም በደጋጎቹ ማኅበር ያሳርፍልን። ለእኛም ማመን ላቃተን ማመንን ይስጠን።