የነጭ ጨርቅ ቀን

ዝናቡ ድንገት ባይመጣ ኖሮ የጎረቤቷ ልጅ ወደ ልብስ ሰፊዋ ክፍል አትገባም ነበር። ከጤና ኮሌጅ ለዕረፍት መምጣቷ ነው። ሻንጣዋን እየጎተተች ስትሮጥ ዶፉ ያዛትና ክፍት ያገኘችው በር ውስጥ ዘው አለች። በሩ የእትዬ ቬሎ ነበር። የሙሽራ ልብስ ስለምትሰፋ ሰፈሩ ያወጣላት ስም ነው፤ እናቷ ያወጣችላትን የሚያስታውስ የለም።

ክፍሉ ነጭ ብቻ ነው። ከጣሪያው የተንጠለጠለ ነጭ፣ ጠረጴዛው ላይ የተኛ ነጭ፣ በመስኮቱ ብርሃን እንደ ጉም የሚንሳፈፍ ነጭ። እትዬ ቬሎ መሃሉ ላይ ተቀምጣ የቀሚስ ጠርዝ በእጇ ትሰፋለች። ልቧ እንደ ልማዱ ሮጥ ይላል፣ ቆም ይላል፣ ደግሞ ይርገበገባል፤ ቆርቆሮው ላይ እንደሚወርደው ዝናብ ወጥ ምት የለውም። እሷ ግን አልጠላችውም። እንዲህ ሲያደርጋት ከወንበሩ ትንሽ ከፍ ብላ ከጨርቁ ጋር የምትንሳፈፍ ይመስላታል።

«ግቢ እንጂ! በር ላይ ልትበቅይ ነው እንዴ?» አለቻት። «ብቻ እግርሽን ጥረጊ። ይህ ጨርቅ በሚመጣው ወር ይዳራል፤ አንቺ መቼ እንደምትዳሪ እንጃ።»

ልጅቱ ስቃ ተቀመጠች። ዓይኗ ግን መስኮቱ ሥር ካሉት ሁለት የክኒን ብልቃጦች ላይ አረፈ። አንደኛው ተጋምሷል፤ ሌላው እንዳለ ነው።

«እትዬ፣ መድኃኒትዎን ወስደዋል?»

«የግፊቱን ወስጃለሁ። ደም ማቅጠኛውን በነጭ ጨርቅ ቀን አልወስድም።»

«የነጭ ጨርቅ ቀን ደግሞ ምንድን ነው?»

«ይኸውልሽ፣ ድሮ መርፌ ሲወጋኝ ጣቴን ምጥጥ አድርጌ ሥራዬን እቀጥል ነበር። ያ ክኒን ከመጣ ወዲህ ደሙ ቶሎ አልቆም አለ። ሙሽራዋን በደም ነጠብጣብ ልዳራት? ጥቁር ስሰፋ እውጣለሁ፣ ነጭ ስሰፋ እተዋለሁ። ተመካክረን ነው።»

«ከሐኪሙ ጋር?»

«ከመርፌዬ ጋር።»

«ጥቁር ልብስስ ብዙ ይሰፋሉ?»

እትዬ ቬሎ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «እሱስ... ዘንድሮ ሰዉ መጋባቱን ይዞታል።»

«እንግዲያው አይወስዱትም ማለት ነው» አለች ልጅቱ በቀስታ። «እትዬ፣ ልብዎ እንዲህ ሲርገበገብ ደሙን አሟጦ አይገፋውም። የቆመ ደም ይረጋል። የረጋው ጓል ተነሥቶ ከሄደ መንገዱ ወደ አንጎል ነው። ክኒኑ ያንን እንዲከላከል ነው የተሰጠዎት። ግፊት ሲታከልበት ደግሞ አደጋው ይብሳል።»

«እኔን ምንም አላመመኝም። የታመመ ሰው ያቃስታል።»

«ግፊት አያስቃስትም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።»

«ተረቱንም ኮሌጅ ነው የሚያስተምሩት?»

«እሱን እናቴ ናት። ቆይ፣ ጣት ላይ የምትጠለቅ የብረት ቆብ አለች አይደል? ለምን አያደርጓትም?»

«እሷማ የጀማሪ ናት! እናቴ በባዶ ጣት ነው ያስተማረችኝ። ጨርቁን ጣትሽ ካላየው መርፌው ይስታል ትል ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳልስት ኖሬ... ባለፈው መቀሱ ከእጄ ወደቀ እንጂ ምን ሆንኩ?»

ልጅቱ ወንበሯን ስባ ተጠጋቻት።

«እንዴት ወደቀ?»

«ቀኝ እጄ የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ። እንደ ሕልም ከሩቅ አየሁት። ልጣራ ብል ምላሴ ከበደኝ። ወዲያው ተመለሰ እኮ! ተኝቼበት ይሆናል።»

«ተኝተው ነበር?»

«የለም፤ ይህንን ቬሎ እየቆረጥኩ ነበር።»

«በነጭ ጨርቅ ቀን» አለች ልጅቱ። «እትዬ፣ ሕልም አይደለም፤ ማስጠንቀቂያ ነው። ያን ዕለት እጅዎ ተመለሰ፤ ሌላ ቀን ላይመለስ ይችላል። ከጨርቅ ላይ ደም በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ይለቃል። ከአንጎልስ በምን እናስለቅቀዋለን?»

ግትር ሰው በክርክር አይረታም፤ በሚወደው ነገር ነው የሚረታው። እትዬ ቬሎ ሞትን ብዙ አትፈራም። ያለ ቀኝ እጇ መኖርን ግን አሰበችው፤ ጨርቁ እዚያ፣ እሷ እዚህ፣ መሃል ላይ ምንም የሌለበት ኑሮ ታያት። መርፌዋን ሰካች።

«ዝናቡ ይቁምና እንሄዳለን።»

«አሁኑኑ ነው።»

«ጨርቄስ?»

«ጨርቅ አይረጋም፤ ይነሡ!»

ልብሱ የሚሸፈንበትን ላስቲክ ለሁለት ተከናንበው ወጡ። መንገዱ ሁሉ ውሃ ነው፤ እትዬ ቬሎ የልጅቱን ክንድ ይዛ በሕልሟ የምትራመድ መሰላት።

ሆስፒታል አስተኝተው መረመሯት። ሐኪሙ ተቆጣ፣ መከረ፣ መድኃኒቱን አስተካከለ። ጨው እንድትቀንስ፣ ከወንበሯ እየተነሣች እንድትራመድ አዘዛት። የቀረውን ጠርዝ ከሆስፒታል ወጥታ ጨረሰችው፣ የብረቷን ቆብ ጣቷ ላይ አጥልቃ። መጀመሪያ ስፌቷ እንደ ሰካራም ተወላገደባትና ብረቷን ረገመቻት፤ በኋላ ተላመዱ። ሙሽራዋ ለብሳው ስትወጣ ቬሎው ላይ አንዲት ነጥብ አልነበረችበትም።

አሁን ለልኬት የሚመጣውን ሁሉ ሳትመክር አትለቅም። «ክኒን በጨርቅ ቀለም አይዋጥም። ደም አልቆም ካለሽ ለሐኪሙ ንገሪ እንጂ ራስሽ አታቋርጪ። ግፊትሽን ሳያምሽ ተለኪ። አፍ ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ፣ ምላስ ከከበደ፣ ቢመለስም ሆስፒታል ሩጪ!» የሰማት ተጠቅሟል፤ እሷም ያው እጇ ከጨርቁ ጋር ነው።

ልቧ ዛሬም ሮጥ ይላል፣ ቆም ይላል። ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ በነጩ ጨርቅ ሲገባ፣ እትዬ ቬሎ ዛሬም ከወንበሩ ትንሽ ከፍ ትላለች። ልዩነቱ፣ አሁን በነጭ ጨርቅ ቀንም ክኒኗን ትውጣለች፤ የሚይዛት ክር ተቋጥሯል።