ከገዛ ግሩፔ የወጣሁ ዕለት

ላሊበላ ላይ አስጎብኚዎችና ካህናት የምንነጋገርበትን የፌስቡክ ግሩፕ የከፈትኩት እኔ ነኝ። አንድ ጠዋት ልገባ ብል እኔ የለሁበትም! ያስወጡኝ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ የሚይዙት፣ በአክብሮት አድሚን ያደረግኳቸው ቄሰ ገበዛችን ናቸው። የነገ እንግዶቼ ጉዳይ ያለው እዚያው ውስጥ ነው፤ እየሮጥኩ ሄድኩ።

«አባቴ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋህም ልጄ። የግሩፑን ቁልፍ ሰጠኸኝ፣ ተረከብኩ። እኔ ስሾም የቀድሞው ገበዝ አስረክበውኝ ወጡ። አንተ ግን አስረክበህ እዚያው ቁጭ አልክ። መውጣቱ ከብዶህ ነው ብዬ አገዝኩህ።»

ልቆጣ ወይስ ላመስግን? ግራ ገባኝ። «እሺ፣ በሉ መልሱኝ» አልኳቸው።

ስልካቸውን አወጡና ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«ዋስ የሚሆንህ ሰው አለህ?»